ቱቦውን የያዘው ሰው

ናዝሬት ውስጥ የቧንቧ ዕቃና የውሃ ፓምፕ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ከሱቅ ደጃፍ አላለፈም። እንግሊዝኛዬ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ያህል ነው፦ ኦሪጅናል፣ ጋራንቲ፣ ሆርስ ፓወር። የቀረውን የሰው ፊት አይቼ ነው የምረዳው። ደንበኛም የሚታወቀው በፊቱ ነው፤ በአፉማ ማንም ገንዘብ የለውም።

ልጄ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቃ ስትመጣ ግን ፊቷን እንደ ልቤ ማየት አልቻልኩም። ከሱቁ ኋላ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ታወራለች። አንድ የወንድ ድምፅ ይመልስላታል። ጆሮዬን ጥዬ ጥዬ አልሆንልኝ ሲል ገባሁባት። ካርቶን ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኳ የቧንቧ ክምር ላይ ተደግፏል፤ ሌላ ማንም የለም።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከኤአይ ጋር ነው አባዬ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ እያለማመደኝ ነው። ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ያርመኛል።»

ከተመረቀች ጀምሮ ያላመለከተችበት የለም፤ የጠራት ግን አንድ የዱከም ፋብሪካ ብቻ ነበር። ይሄ ካመለጣት ሌላው መቼ እንደሚጠራት አይታወቅም። ካገኘችው ደግሞ ሥራው በፈረቃ ስለሆነ እዚያው ቤት ተከራይታ ትገባለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። እንድታገኘው እጸልይ ነበር፤ እግዜር እንዲቸኩል ግን አልለመንኩትም።

ያንን ድምፅ «ሰውዬው» ነበር የምለው። ከጎናችን የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሰምታ አላስቀምጥ አለችኝ።

«አንተ፣ ልጅህ በእንግሊዝኛ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቀው?»

«ከሰውዬው ጋር።»

«ሳትነግረን ዳርካት እንዴ?»

«ይሄኛው አይበላ፣ አይጠጣ፤ አማች ቢሆን እኮ ደግ ነበር።»

ሰውዬው ከእንግሊዝኛ በቀር አንድ የማውቀው ነገር ነበረው፤ ማመስገን ያበዛል። ልጄ አፏን ከመክደኗ «ቬሪ ጉድ» ይላታል። ይህን እኔም አውቃለሁ። ለገባው ሁሉ «ለአንተ ስለሆነ ነው» እላለሁ። እሷ ግን ኢንጂነር ብትሆንም ፈገግ ትል ነበር።

ከወሬዋ መሃል ለይቼ የምይዘው ሁለት ቃል ነው፦ «ማይ ፋዘር»። ይህን ስሰማ ሚዛን ላይ ያለውን ምስማር ትቼ ቀጥ እላለሁ። ስለ ምን እንደሆነም ወዲያው ገባኝ፤ ከአጠገቡ «ፓምፕ» የሚል ነበረበት።

ተማሪ ሆና ለእረፍት በመጣችበት ጊዜ ነው። መቂ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የሸጥኩለትን ፓምፕ በባጃጅ ጭኖ መለሰው።

«ኦቦ፣ ይሄ አየር እንጂ ውሃ አይስብም። ገንዘቤን!»

«ግድግዳውን አንብብ» አልኩት። ግድግዳው ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ተለጥፏል።

«እኔ ውሃ ነው የፈለግኩት፤ ንባብ አላማረኝም» አለኝ።

ስንጯጯህ ልጄ ከመሃላችን ገብታ ፓምፑን ደጅ አወጣችው። በርሜል ውሃ አስመጣች። «አባዬ፣ ይሄን ያዝልኝ» ብላ የመሳቢያ ቱቦውን ጫፍ ሰጠችኝ። እየተቆጣሁ ያዝኩ። እሷ ተንበርክካ መፈታታት ጀመረች። ፓምፑ ደህና ነው፤ የቱቦው ማሰሪያ ሰፍቶ ኖሮ አየር የሚገባው በዚያ ነበር። ማሰሪያውን ለውጣ ስታስነሳው ውሃው እኔንም ገበሬውንም አጠበን። «ገለቶሚ፣ ኢንተለ ኮ!» እያለ ገበሬው በኦሮምኛ አመሰገናት፤ ለእኔ አንድ ምስጋና አልተረፈኝም። ከዚያ ወዲህ ግን የመቂ ሰው ፓምፕ ሲፈልግ እኔ ጋ ይመጣል።

እንግዲህ ልጄ ለሰውዬው የምትነግረው ይህን ነበር። እኔም ምስማር እየመዘንኩ ተራዬን እጠብቅ ነበር።

አንድ ሰሞን ተራዬ ቀረ። ፓምፑ አለ፤ «ማይ ፋዘር» የለም። በቦታው «ሱፐርቫይዘር» የሚባል ሰው ገብቷል። ምሳ ስንበላ ጠየቅኳት።

«የፓምፑን ነገር ተውሽው እንዴ?»

«ኧረ ዋናው መልሴ እሱ ነው!»

«እኔን አልሰማሁማ።»

ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «ትሰማ ነበር እንዴ?»

«ሁለት ቃል እሰማ ነበር። አሁን ሁለቱም የሉም።»

«ቤተሰብ ከጠራሽ የቤት ሥራ ይመስላቸዋል ብሎኝ ነው አባዬ። ሱቁን የንግድ ድርጅት አልኩት፣ አንተን ደግሞ ኃላፊዬ።»

«ኃላፊሽ ምን አደረገ?»

«መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ አሳመንኩት።»

«ቱቦውስ? ማን ያዘው?»

«ቱቦው አያስፈልግም አባዬ። መልሱ አጭር መሆን አለበት።»

ሰውዬው ልክ ነው። እኔም ፓምፕ ስሸጥ ከየት አገር እንደመጣ እናገራለሁ እንጂ ከመኪና ማን እንዳወረደው አልናገርም። ነጋዴ ነኝ፣ ነገሩ ገባኝ። የቀረውን ሽሮ ግን ወደ እሷ ገፋሁት።

በሌላ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ሰውዬው ዝም አላት። «ና አባዬ፣ እስኪ አንተ ጠይቀኝ» ብላ ጠራችኝ። ጋቢዬን አስተካክዬ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«ደመወዙ ትንሽ ነው። ምን ትያለሽ?»

«እንደዚህ ብለው አይጀምሩም! መጀመሪያ ስለ ራስሽ ንገሪን ነው የሚሉት።»

«ስለ አንቺማ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ምን ያስጠይቀኛል?»

ሳቀች። እኔም ልቀጥል ጉሮሮዬን ስጠርግ ስልኩ ጮኸ። «መጣ!» አለች። ተነሥቼ ወደ ሚዛኔ ሄድኩ።

የቀጠሮዋ ዕለት የእናቷን ጥቁር ጃኬት ለብሳ መናኸሪያ ሸኘኋት። ንፋሱ አቧራውን ሲያነሳባት ሚኒባሱ ውስጥ ሆና ትከሻዋን ታራግፍ ነበር። ከሰዓት ደወለች።

«ጥሩ ነበር አባዬ! አብዛኛው የተለማመድኩት ነው የመጣው።»

«ፓምፑንስ?»

«እሱንማ በጣም ወደዱት።»

«ቱቦውን ማን ያዘው አላሉሽም?»

«አባዬ ደግሞ! አላሉም።»

ወሰዷት። ፍራሿን ጠቅልዬ በባጃጅ መናኸሪያ አደረስኩላት። ከመሄዷ በፊት ሰውዬውን እኔ ስልክ ላይም ጫነችው፤ በአማርኛ። «ብቻህን ስትሆን አዋራው» አለችኝ። ዱከም እኮ ሩቅ አይደለም። ሩቅ ለሄደ ሰው አልቅሰው ይገላገላሉ፤ ቅርብ ለሄደ ማልቀስም ያሳፍራል። በእረፍቷ ቀን ትደውላለች። ድምፅዋ ድካም ድካም ይላል፤ «ተኚ» እላትና እዘጋለሁ።

ጎረቤቴ አሁንም ትጠይቀኛለች። «መጋዘኑ ዝም አለ አይደል?» ትለኛለች። እኔም «ዕቃ ሞላው» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙቀቱ መንገደኛውን ሁሉ ጥላ ሥር ሰብስቦት፣ መጋዘን ገብቼ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ቧንቧው ላይ አስደገፍኩ።

«እኔንም እንደ ሥራ ፈላጊ ጠይቀኝ» አልኩት።

«በደስታ። በሥራ ላይ የገጠመዎትን አንድ ችግርና እንዴት እንደተፈታ ይንገሩኝ።»

የፓምፑን ነገር ነገርኩት፤ ከነግድግዳው፣ ከነበርሜሉ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። እንደዚያ ሳያቋርጠኝ የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቷል።

«በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው» አለኝ። ለሁሉም እንደሚል ስለማውቅ አልኮራሁም። «ሆኖም ችግሩን የፈቱት ልጅዎ ናቸው። የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር?»

«ቱቦውን ያዝኩ።»

«ድርሻዎን ዘርዘር አድርገው ቢገልጹት መልስዎ ይጠነክራል።»

ምን ይዘረዘራል? ከበላዬ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀቱ ይንጣጣል።

«እስክትጨርስ ያዝኩ» አልኩት።

«ጥሩ ነው። እንደገና እንሞክር?»

«ቆይ፣ ደንበኛ መጣብኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ማንም አልመጣም ነበር።