ግድግዳ ላይ የተደገፈው ስባሪ

ሰፈሩ ውስጥ መስታወት ሲሰበር የሚጠራው እሱ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ትልቁም ትንሹም «አባ መስኮት» ይለዋል። በረዶ በዘነበ ማግስት መንገድ ላይ ያገኙት ጎረቤቶቹ «ጸሎትህ ሰመረ አይደል!» እያሉ ይተርቡታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ጸሎቱ ግን ሌላ ነበር። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ መቁረጫውን አልማዝ በጨርቅ ጠርጎ፣ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ጌታዬ፣ በረዶ የሰበረውን ጠግኜ ልደር፤ የሰው ክፋት ከሰበረው ግን አታብላኝ» ይላል። ከዚያ ቀና ብሎ ሥራውን ይጀምራል።

አንድ ልጅ አለው። ሥራውን ያስተማረው ገና አገጩ ከጠረጴዛው በላይ ሳይወጣ ነው። ከመቁረጥም፣ ከመለካትም፣ የመስታወት ማጣበቂያውን ስቱኮ ከመለጠፍም አስቀድሞ ያስያዘው አንድ ሕግ ነበር። የተሰበረ መስታወት ካየህ ስባሪውን አንሳ። መሬት ላይ አታስተኛው፤ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ አቁመው። ስለቱ ወደ ግድግዳው፣ ትልቁ ከኋላ፣ ትንሹ ከፊት። «የተኛ መስታወት ሰው ይበላል» ይለው ነበር አባት፤ «ያንተ እግር ጫማ ስላለው የሁሉም እግር ጫማ ያለው እንዳይመስልህ።» ይህን ሳይታክት ስለደጋገመው ነገሩ የልጁ እጅ ጠባይ ሆነ። አንድ ቀን ልጁ ቤት ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ጥሎ ሲሰብር፣ እናቱ «ውይ» ብላ ሳትጨርስ ስባሪዎቹ ግድግዳው ሥር ተሰልፈው ነበር። «ይኼ ልጅ ሲያገባ ሚስቱንም ግድግዳ ላይ ነው የሚያስደግፋት» ብላ እናቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ሥራ ቀዘቀዘ፤ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ጥግ መያዝና ማምሸት ጀመረ። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ይቆጣል፣ ልጅ በሩን ወርውሮ ይወጣል። በዚህ መሃል ነው ሰውዬው ወደ ሰፈሩ የመጣው። ባዶ መጋዘን ተከራይቶ ወጣቶችን የሚያስተምር፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፁ የማይጮህ ሰው ነው። ልጆቹ «መምህራችን» ይሉታል። ልጁ እሱ ጋ መሄድ ከጀመረ በኋላ ማምሸቱን ተወ። ሲነጋ ይነሳል፣ ይጸልያል፣ እናቱን ጉልበቷን ይስማል። አባ መስኮት ደስታው ወሰን አጣ። ያን ሰሞን ሰውዬው ለቤቱ መስኮት መስታወት ሲፈልግ ልጁ ሥራውን ይዞለት መጣ። ወፍራሙን አዘዘ፤ በተለይ በመንገዱ በኩል ያለው ድንጋይ የማይበሳው ዓይነት ይሁን አለ። አባትና ልጅ ተሸክመው ገጠሙለት፤ አባ መስኮትም «ልጄን መልሰውልኛል» ብሎ ዋጋውን አልቀበልም አለ። «ለበረከት ይሁንልኝ» አለ። እናትየዋ ብቻ ሰውዬው አልጣማትም። «ለስላሳው» የሚል ስም አወጣችለት። ለምን ሲሏት «ለስላሳ ሲጠጡት ይጥማል፤ ጥርስ መብላቱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው» አለች።

ቆይቶም ታወቀ። መጀመሪያ ልጁ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን፣ የሌላው እምነት ተከታይ የሆኑትን ጎረቤቶቹን ሰላም ማለት ተወ። ልጅ ሆኖ እያዘለች ያሳደገችውን ጎረቤት በር ላይ አግኝቶ ፊቱን አዞረባት። ቀጥሎ «እነሱ ቤት መስኮት አልገጥምም» አለ። አባት «ዝናብ እነሱ ቤት ሲገባ አይበርዳቸውም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የአባቱ እምነት ለብ ያለ እምነት መሆኑን፣ ለብ ያለ ነገር ደግሞ ከአፍ እንደሚተፋ በጨዋ አነጋገር አስረዳው። አባት ያን ቀን በጥፊ ሊለው እጁ ተነስቶ ነበር፤ ቁጣውን ዋጠው። ወጣትነት ነው፣ ይበርድለታል አለ። ለሚስቱም እንዲሁ አላት።

አልበረደለትም። በሳምንቱ መጨረሻ ከተመረጡት ልጆች ጋር ለሥልጠና እንደሚሄድ ተናገረ። የት? አይነገርም። ለምን ያህል ጊዜ? ፈጣሪ ያውቃል። እናትየዋ ቦርሳው ላይ ተቀመጠችበት፤ ልጁም እናቱን ከነቦርሳው ትቶ ሌላ ቦርሳ ተዋሰ።

የመሄጃው ቀን ጠዋት አባ መስኮት ሱቁን ገና ሲከፍት የማዶዎቹ ጎረቤቶች ጸሎት ቤት ዘበኛ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ ዘመን ይተዋወቃሉ። የሕፃናቱን መማሪያ ክፍል መስኮቶች ትናንት ሲመሽ በድንጋይ አወረዱብን አሉት። ሕፃናቱ ወደየቤታቸው ሄደው ስለነበር ሰው አልተጎዳም። አባ መስኮት ሜትሩን አንስቶ ተከተላቸው። መንገድ ላይ ሽማግሌው እንዲህ ያለ ሰባሪ አይቼ አላውቅም እያሉ ይገረሙ ነበር።

«ሌባም አይደል፣ ወሮበላም አይደል» አሉ፤ «ሰብሮ ሲያበቃ ደግሞ ቤት ያስተካክላል።»

ክፍሉ ውስጥ ትንንሽ ወንበሮች አሉ፤ ግድግዳው ላይ ሕፃናቱ በቀለም የነከሯቸው የእጅ መዳፎች ታትመዋል። ድንጋዮቹ ወለሉ ላይ ናቸው። ውጭ በኩል ግን፣ ሕፃናቱ ሲገቡና ሲወጡ በሚረግጡት መተላለፊያ ላይ፣ አንድም ስባሪ አልነበረም። ስባሪዎቹ ግድግዳው ሥር ቆመው ነበር። ትልቁ ከኋላ፣ ትንሹ ከፊት፣ ስለቱ ወደ ግድግዳው።

አባ መስኮት ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው ያወራሉ፣ እሱ አይሰማም። ሜትሩን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ለካ፤ የለካውን ወዲያው ረሳው፤ እንደገና ለካ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው፣ ነገሩን ሊናገረውም ሊተወውም አልቻለም። ያቺ የጠዋት ጸሎቱ ትዝ አለችው። የሰው ክፋት ከሰበረው አታብላኝ ሲል የኖረው፣ ክፋቱ ከገዛ ቤቱ እንደሚወጣ መቼ አሰበና!

ከዚያ ቁጣው መጣ። ሲመጣም ቶሎ አልመጣም፤ ውሃ ሲፈላ ከታች እንደሚነሳው ከእግሩ ጀምሮ ተነሳ። ልጁን በጥፊ አለማለቱ አናደደው። ይበርድለታል ማለቱ አናደደው። ከሁሉ ይልቅ ያ ወፍራም መስታወት አናደደው። በትከሻው ተሸክሞ፣ በረከት ብሎ፣ አመስግኖ የገጠመው መስታወት!

«መጣሁ» አላቸው ለሽማግሌው፣ ሜትሩን እዚያው ጥሎ ወጣ።

መጋዘኑ ውስጥ ወጣቶቹ ቦርሳቸውን ጭነው ሊሄዱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የስንብት ምክር ይሰማሉ። ለስላሳው ፊታቸው ቆሟል። አባ መስኮት ጫማውን ሳያወልቅ በመካከላቸው አልፎ ገባ። ልጁ ከፊት ረድፍ ነበር፤ አባቱን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ለስላሳው ግን ፈገግ አለ።

«አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ» አለው።

«አልቀመጥም። ማታ የሕፃናት መስኮት የሰበሩት እነዚህ ናቸው። የላካቸው ማነው?»

ለስላሳው ማንንም እንዳልላከ፣ እሱ የሚያስተምረው ስለ እምነት ብቻ እንደሆነ፣ ወጣት በእምነቱ ሲቀና አንዳንዴ ከልክ እንደሚያልፍ ረጋ ብሎ አብራራ። በመጨረሻም «ቁጣ ከሰይጣን ነው፣ አባቴ» አለ።

አባ መስኮት እስከዚያች ቀን ይህን ሰው አንቱ ሲለው ነው የኖረው። አሁን ግን አንተ አለው።

«አንተ ሰው፣ እኔ ዛሬ አንድ ቀን ብቆጣ ሰይጣን ሆንኩ። እነዚህን ልጆች ስድስት ወር ሙሉ ስታስቆጣ የከረምከውስ ከማን ተልከህ ነው? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲሉ አልሰማህም?»

ወጣቶቹ አጉረመረሙ። አንዱ «ሽማግሌ ነው፣ አውጡት» አለ። ሌላው ሊይዘው ተነሳ። አባ መስኮት ወደ እነሱ ዞረ። እሱም እንደ እነሱ አማኝ መሆኑን፣ ጉልበቱ በጸሎት የሻከረው እነሱ ሳይወለዱ መሆኑን ነገራቸው። ፈጣሪ የሕፃን መማሪያ ክፍል በድንጋይ እንዲመታለት የሚለምን ምስኪን ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይኼ መምህራችሁ ሞትን አትፍሩ ይላችኋል አይደል? የቤቱን መስኮት እኔ ነኝ የገጠምኩት። ድንጋይ የማይበሳውን ይስጡኝ ብሎ በአፉ አዝዞኝ ነው። ድንጋዩን ለእናንተ፣ ወፍራሙን መስታወት ለራሱ። ካላመናችሁኝ ያው ልጄ፤ በአንዱ ጫፍ የያዘው እሱ ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ልጁ ዞረ። ለስላሳው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ፈገግታው ግን ቀድሞት ጠፍቶ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ አታዋርደኝ» አለ በቀስታ።

«ምን ቀረህና ነው የማዋርድህ? አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከሰበርክ በኋላ ለምን አነሳኸው?»

«ምኑን?» አለ ልጁ።

«ስባሪውን ነው የምልህ። ለምን ግድግዳው ላይ አቆምከው? ጠላት ናቸው አይደል የተባልከው? የጠላት ልጅ እግሩ ቢቆረጥ ምን ገደደህ?»

ልጁ እጆቹን አየ። የሌላ ሰው እጆች ይመስል ገልብጦ አያቸው። ግን አልተነሳም። አባት ጠበቀ፤ ልጁ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። አባ መስኮት ምንጣፉን ረግጦ በመጣበት ወጣ፤ ደጃፍ ላይ የቆመውን፣ ቦርሳ የተጫነበትን አውቶቡስ በመዳፉ መታው። አውቶቡሱ ምን አጠፋ? ግን የሚመታው ነገር አስፈልጎት ነበር።

ከሱቁ መስታወቱን ቆርጦ፣ በጋሪ አስጭኖ ወደ ጸሎት ቤቱ ተመለሰ። ሽማግሌውን ሳያስቀምጥ፣ እሱም ሳይቀመጥ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ የሰበረው የእኔ ልጅ ነው።»

ሽማግሌው ይቅር ብያለሁ ይሉኛል ብሎ የጠበቀ እንደሆነ ተሳስቷል። እሳቸውም ሰው ናቸው። ያ ልጅ እዚህ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲጫወት ውሃ ያጠጣሁት አይደለም ወይ አሉ። ኳሱ ጣሪያ ላይ ሲወጣ በመሰላል ያወረድኩለት አይደለም ወይ አሉ። በመጨረሻም «ታዲያ የታል? ሰባሪው እያለ አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አባ መስኮት አሮጌውን ስቱኮ መፋቅ ጀመረ።

ትልቁን መስታወት ለመግጠም ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሽማግሌው እየተቆጡም ቢሆን መጥተው አንዱን ጫፍ ያዙ። ጉልበታቸው ግን አይበቃም። መስታወቱ ግማሽ መንገድ ሲነሳ ዘመም አለ፤ አባ መስኮት «ቀስ፣ ጋሼ፣ ቀስ» እያለ ወደ መሬት መለሰው። እንደገና ሞከሩ። እንደገና ዘመመ። በዚህ መሃል ከመንገዱ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ፤ ቀጥሎም ሞተሩ ጮኾ እየራቀ ሄደ። አባ መስኮት መስታወቱን እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚያያት ነው ያሰበው። ከዚያ ሌላ የሚያስበው ነገር አልመጣለትም።

ዓይኑን ሲገልጥ ልጁ የግቢው በር ላይ ቆሟል። የተዋሰው ቦርሳ ትከሻው ላይ ነው። ለመግባትም ለመመለስም የቸገረው ይመስላል።

ሽማግሌው ቀድመው አዩት። «ግባ አልልህም» አሉት። «ውሃም አላጠጣህም። ግን እጄ ደክሟል።»

ልጁ ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረና መጣ። የሽማግሌውን ጫፍ ከእጃቸው ተቀበለ። አባት ቀና ብሎ አላየውም። ቢያየው ወይ ያቅፈዋል ወይ ይመታዋል፤ ሁለቱም ደግሞ መስታወት ይዞ አይሆንም።

«ወደ ላይ» አለ ብቻ።

ልጁ አነሳ። መስታወቱ ቦታው ላይ ገባ። አባት ስቱኮውን በአውራ ጣቱ እየጫነ ዙሪያውን ሲለጥፍ፣ ልጁ በሰለለ ድምፅ አራታችን ብቻ ቀርተናል፣ ሌሎቹ ሄደዋል አለ። ከሄዱት መካከል የዳቦ ጋጋሪው ልጅና የጫማ ሰፊው መንትያ ልጆች እንዳሉበትም ተናገረ።

አባ መስኮት እጁን አቆመ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ፈጣሪንም በልቡ አመስግኗል፣ እሱን አልረሳም። ቁጣው ግን ከነበረበት አልወረደም። እንዲያውም ጨመረ። የጫማ ሰፊው መንትዮች ጥርሳቸው ሲወልቅ ለሱቁ መስታወት ድዳቸውን ሊያሳዩ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። አባታቸው ይህን ጊዜ ጫማ እየሰፋ ልጆቼ መልካም ሰው አገኙ እያለ ለደንበኛው ያወራ ይሆናል፤ ልክ እሱ ራሱ እንዳወራው።

ቀሪውን ስቱኮ ለልጁ ወረወረለት።

«ይኼን ጨርስ። ከዚያ የቀረውን መስኮት ግጠም። ሽማግሌው እስኪሰናበቱህ ከዚህ ግቢ አትወጣም።»

«አንተስ ወዴት ነህ?»

«ጫማ ሰፊው ጋ» አለ አባ መስኮት እጁን በሱሪው እየጠረገ። «አውቶቡሱ የት እንደሚያወርዳቸው ታውቃለህ፤ ማታ እቤት ስትመጣ ለእሱም ለእኔም አንድ በአንድ ትነግረናለህ። ዛሬ ዝም የምትልበት ቀን አይደለም።»

ወጣ። በግቢው በር ሲያልፍ ያልተደገፈ አንዲት ትንሽ ስባሪ ከአፈሩ መካከል ብልጭ አለችበት። ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ ስለቷን ወደ ግድግዳው አዙሮ አቆማትና እርምጃውን አፈጠነ።