የእትዬ የሺ ሳቅ

ባለፈው ሳምንት ምስር ወጥ አረረብኝ። መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ፣ ልጆቼ «እማዬ፣ ወጡ!» ብለው እስኪጮኹ ድረስ አልሰማሁም። ድስቱን ሳወርድ ያ የሚያንቅ የማረር ሽታ ወደ እትዬ የሺ ቤት መለሰኝ።

ያን ጊዜ አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ግራር ሥር ተጠጋግተው በተሠሩ የጭቃ ቤቶች እንኖር ነበር። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ከቡልጋ የመጣች የመሪጌታ ልጅ ናት፤ አባቷ ከወንድሞቿ እኩል ማንበብ አስተምረዋታል። ባሏ ቶላ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ወባ ያዘውና በአራተኛው ቀን ሞተ። የስድስት ዓመቷን ብርቄንና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ ጥሎባት ሄደ።

በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ቀሚስ እየሰፋች ታሳድጋቸው ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሲያስገባ፣ ልጆቿን አብልታ፣ መኪናውን በጨርቅ ሸፍና መጽሐፍ ታወጣለች። የጸሎት አይደለም፤ ሰው ከልቡ አፍልቆ የጻፈው ታሪክ ነው። ወንድሟ ከአዲስ አበባ በባቡር ይልክላታል። ስታነብ ለራት የጣደችው ወጥ ቢያር እንኳ አይታወቃትም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ነጠላዋ ከጥቁር ቀሚሷ ላይ ይንሸራተታል፤ ብዙ ጊዜም እንባዋ ገጹ ላይ ጠብ ይላል። እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ስለሆነች በየቀኑ አጠገቧ ነበርኩ።

አንድ ቀን ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ብርቄም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራት ሳቀች።

«እስቲ እኔም ልየው» አልኩ።

«ለልጅ አይሆንም» ብላ ዘጋችው።

ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ለእናቴ፣ «እትዬ የሺ ሐዘኗን ረስታለች፤ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ይዛ ትስቃለች» አልኳት። እናቴ ለጎረቤት ነገረች፤ ወሬው ገበያ ወጣ። የሟቹ ተዝካር ገና አልወጣም ነበር።

በሳምንቱ የቶላ ታላቅ ወንድም ኦቦ ጉደታ ከቦሰት በበቅሎ መጡ። ደጅ አገኙኝና፣ «ልጄ፣ እውነት ትስቃለች?» አሉኝ። ድምፃቸው የተቆጣ ሳይሆን ያዘነ ነበር።

«አዎ» አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

«የወንድሜን ልጅ እኔው አሳድጋታለሁ» አሏት ገብተው። እትዬ የሺ መጽሐፎቿን በሙሉ አቅፋ አምጥታ እግራቸው ሥር ጣለች። «ይኸው፣ ያቃጥሏቸው ኦቦ! ልጄን ግን ይተዉልኝ!» መጽሐፎቹን አልነኩም። ብርቄን በቅሎዋ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ጩኸቷን እሰማ ነበር።

ኦቦ ጉደታ ታመው ሲደክሙ ልጅቷን መለሷት፤ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ብርቄ እናቷን እንደ እንግዳ ሰው እያፈረች ሳመቻት። ብዙም ሳይቆይ እትዬ የሺ ልጆቿን ይዛ ወደ ወንድሟ ለመሄድ ተነሣች። ጣቢያው ላይ ጨክኜ፣ «እትዬ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «መሳቄን ነገርሽ። ማልቀሴን ግን የጠየቀሽ የለም።»

ጉንጬን ሳመችኝና ባቡሩ ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። እሷ ያስቆጠረችኝ ፊደል ባይኖር እነዚህን ቀኖች በምን እንደምገፋቸው አላውቅም። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ይህን መማር የነበረባት ግን ብርቄ ናት። ማንበብ ትልመድ አትልመድ እንኳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።