ጠመንጃ ፈታኙ ቢሆነኝና ሦስቱ ጥይቶች

ቡሬ ገበያ ጠመንጃ ሊገዛ የወጣ ሰው ከሻጩ በፊት የሚፈልገው ቢሆነኝን ነበር። ቢሆነኝ ተወልዶ ያደገው ፍኖተ ሰላም አጠገብ ነው፤ ሚስት አግብቶ ቡሬ ዳር ቀረ። እንደማንም ገበሬ ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ግብር ይገብራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከከብት ተራው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጣል። ገዥና ሻጭ ጠመንጃውን ይዘው ይመጡና ሦስት ጥይት ያቀብሉታል፤ ወደ ሜዳው ወርዶ ይተኩስና ይፈርዳል። «ይህ ወደ ቀኝ ይስታል።» «ይህ ከመቶ እርምጃ ወዲያ አይረባም።» «ይህንንስ ዓይንህን ሳታሽ ውሰደው።» ውጅግራም ይሁን ቤልጅግ፣ እሱ አንዴ ከተናገረ ገዥም ሻጭም አይከራከርም። በጣሊያን ጊዜ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ የአርበኞች ጥይት ተሸካሚ ነበር፤ ያኔ የጀመረው ተኩስ ጎልማሳ እስኪሆን አልለቀቀውም።

ምላሱ ግን ምሕረት አያውቅም። አንድ ቀን አንድ የሽንዲ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። «ወንድሜ፣ ተኩሱን ለሚስትህ ተውላትና አንተ ጆሮህን ይዘህ ቁም» አለው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የሰውየው ስም ጠፍቶ «ጨፋኙ» ተባለ፤ ልጆቹም የጨፋኙ ልጆች ሆኑ። በዓመቱ ጓዙን ጠቅልሎ ዓባይን ተሻገረ፤ ወለጋ ገባ ተባለ። ቢሆነኝ ይህን ሲሰማ ትንሽ ከፋው። ትንሽ ብቻ፤ በማግስቱ ረስቶታል።

በ1959 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያላሰበው ነገር መጣበት። የዓባይን ውኃ ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገድ መሪያቸው ለነበረው ጎረምሳ፣ ለይርሳው፣ አንድ ጠመንጃ ሰጥተውት ሄደዋል። አስተርጓሚው ስሟን «ማግነም» ብሎ አነበበለት። ለመሸከም ጭራሮ የያዙ ያህል ትቀላለች፣ ጥይቷ ግን እንደ አውራ ጣት ይወፍራል፤ በላይዋ ላይ ማነጣጠሪያ መነጽር ተጋድሞባታል። ይርሳው እሷን አንግቶ በሄደበት ሁሉ የሰው ዓይን ይከተለው ነበር።

ከዚያ ከጎረቤቱ ከላቀው ጋር ጎሽ ሊያድኑ ወደ ዓባይ ቆላ ወረዱ። ላቀው ከቁጥቋጦው ገብቶ ጎሹን አስነሣ፤ ይርሳው ከመቶ እርምጃ ተኮሰ። ጎሹ ሳይነካ ሄደ። ጥይቷ ከጎሹ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ የነበረውን ላቀውን ደረቱ ላይ አገኘችውና እዚያው ቀረ።

የአደን አደጋ ነው ተብሎ ይታለፍ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሁለቱ በዚያው ክረምት በእርሻ ድንበር ተጣልተው ነበር፤ ይርሳውም በሰው ፊት «ቆይ፣ ቆላ እንገናኛለን» ብሏል። የላቀው ታላቅ ወንድም ክንፈሚካኤል ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎች በመካከል ገቡ። የሽማግሌዎቹ ዳኛ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ነገሩን እንዲህ አድርገው ቆረጡት፦ ጠመንጃይቱ የምትስት ከሆነች አደጋ ነው፣ ደሙ በእርቅ ይደርቃል፤ ቀጥ ያለች ከሆነች ይርሳው ያየውን ነው የመታው፣ ሽማግሌም እጁን ያነሣል። እጁን ካነሣ ምን እንደሚከተል ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

ይህን የሚያውቅ ማነው ሲባል የሁሉም ጣት ወደ ቢሆነኝ ዞረ።

«አባ፣ እኔ የገበያ ሰው ነኝ፤ ደም ውስጥ አታግቡኝ» ብሎ ለመነ።

«በቃልህ ስንት ጠመንጃ ገዝተናል። ዛሬ አላውቅም ብትል ማን ያምንሃል?» አሉት ቄሱ። መስቀሉን ዘረጉለት፤ ጨብጦ ማለ።

ሰኞ ረፋድ ላይ የሁለቱ ወገን ዘመድ ከሜዳው ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ ተቀመጠ። በመቶ እርምጃ ካለው ኩይሳ ላይ ገል ተሰካ። ይርሳው ማግነሟንና የቀሩትን ሦስት ጥይቶች አመጣ። የዚህ ዓይነት ጥይት እንኳን ቡሬ፣ ደብረ ማርቆስም አይገኝም።

ቢሆነኝ በደረቱ ተኛ፣ በመነጽሩ አየ፣ ቃታውን ሳበ። ገሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። «ቀጥ ያለች ናት!» ብሎ ክንፈሚካኤል ከመቀመጫው ዘለለ። ቢሆነኝ ግን ገሉን አላየውም። ሰደፉ ትከሻውን በቡጢ እንደተመታ አድርጎት ነበር፤ የመነጽሩ ጠርዝም ወደ ኋላ ተወርውሮ ከቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ቆርጦለት ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከባድ ጠመንጃ ምቱን ራሱ ይውጠዋል፤ ይህች ግን ክብደት ስለሌላት ያለውን ሁሉ ለተኳሹ ታስረክባለች። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ምት ቀምሶ አያውቅም።

ደሙን ጠረገና ሁለተኛውን አጎረሰ። ጥይቱ ከኩይሳው ግራ፣ ዝቅ ብሎ አፈር አነሣ። አሁን ደግሞ የይርሳው ወገን እልል አለ። አንድ ለአንድ ሆነ፤ ፍርዱ በሦስተኛው ላይ ወደቀ።

ሦስተኛውን አነጣጠረ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ። ጥይቱ ከሸፈ።

ተኩስ ስላልነበረ፣ ጭስም ድምፅም ስላልነበረ፣ ቢሆነኝ ራሱን አየ። አፈሙዙ እህል እንደምትለቅም ዶሮ ወደ ግራ መሬቱን ጠቅ አድርጓል። ትከሻው ሸሽቷል። ዓይኑንም ሲገልጥ ነው ጨፍኖት እንደነበር ያወቀው። ሕዝቡ ወደ ኩይሳው እያየ ስለነበር አንድም ሰው ልብ አላለም።

ቀና ሲል ይርሳውን አየ። ከቅንድቡ በላይ ያልሻረ ግማሽ ጨረቃ ቁስል አለበት። ከጎሹ በፊት ሞክሯት፣ ምቷን ቀምሶ ነበር ማለት ነው፤ ጎሹ ላይ ሲተኩስም ፈርቶ ጨፍኗል፣ አፈሙዙንም ወደ ግራ ደፍቷል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ለቢሆነኝ ገባው።

«በል፣ ቃልህን ስጥ» አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ። «ጠመንጃይቱ ናት ወይስ ሰውየው?»

ጠመንጃይቱ ናት ቢል በመስቀል ላይ ዋሸ፤ ክንፈሚካኤልም የተሰነጠቀውን ገል እያሳየ ጉቦ በላ ይለዋል። ሰውየው ነው ቢል ንጹሕ ልጅ ያስገድላል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ፣ እኔ ቢሆነኝ ምት ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንኩ ማለት ነው። የሽንዲው ሰው የተሰደደው ከዚህ ባነሰ ነው፤ ያሰደደውም ማን እንደሆነ ያውቃል። ቢሆነኝ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኝቶ አያውቅም። የሚጠብቁት ዓይኖች በዙሪያው ሙሉ ናቸው፤ መውጫ የለም።

ሰው እንዳያየው ጠመንጃይቱ ላይ አጎንብሶ የከሸፈውን ጥይት መልሶ አጎረሰ።

«ይርሳው፣ ና ተኩስ» አለው። «ሰው ሁሉ ኩይሳውን ትቶ ይህን ልጅ ይመልከት። ፊቱን፣ አፈሙዙንም።»

«ሌላ ጥይት አለ እንዴ?» አለ ይርሳው። ቢሆነኝ ጠመንጃይቱን አቀበለው። ልጁ ተኛ፣ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ። ቀጭ። ዓይኖቹ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል፣ አፈሙዙ በግራ በኩል አፈር ነክቷል። ሕዝቡ ሁሉ አየ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። «ጨፋኙ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ክንፈሚካኤል ብቻ አልሳቀም። «አስመስሎ ነው! እንዲያመልጥ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ይርሳው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተነሣ። «ማን ነው ጨፋኝ? እኔ አልጨፈንኩም! ፈሪ ከምትሉኝ ሆን ብሎ ገደለው በሉኝ! ጻፉት፣ ገድዬዋለሁ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ልጁን ትክ ብለው አዩት። «ገዳይ እንዲህ ብሎ አይጮኽም» አሉ ቀስ ብለው። «ነፍሱን ሊያድን ያስመሰለ ሰውም መጨፈኑን እንዲህ አይክድም።»

«እኔም ጨፍኛለሁ» አለ ቢሆነኝ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ ደግሞ ተናገረው። «ሰማችሁ? ሁለተኛው ጥይት የሳተው እኔ ስለጨፈንኩ ነው። ጠመንጃይቱ ቀጥ ያለች ናት፤ ምቷ ግን ሰው ያስፈራል። በዚህ ልጅ የምትስቁ በእኔም ሳቁ።»

ማንም አልሳቀም። የላቀው እናት ወለተ ሥላሴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወደ ሽማግሌዎቹ መጣች።

«አባ፣ እስከ ዛሬ የምረግመው ሰው ነበረኝ» አለች። «አሁን ማንን ልርገም? ልጄ በዓይን መጨፈን ሞተ ብዬ ላልቅስ?»

ቄሱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። መስቀላቸውን አሳለሟት፤ እየተደገፈች ሄደች።

እርቁ ወረደ፣ ደሙ ደረቀ። ይርሳው ማግነሟን ለሽማግሌዎች ትቶ ጥር ሳያልቅ ወደ መራዊ ሄደ፤ ሲሄድም ቢሆነኝን አልተሰናበተውም። ከመሄዱ በፊትም መንገድ ላይ ቢገናኙ ፊቱን ያዞር ነበር። በሕይወት መኖሩ ከማን እንደመጣ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ቢሆነኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋርካው ሥር መቀመጡን አልተወም። ሰው እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ አያ ቢሆነኝ» ይለዋል፤ ጠመንጃውን ግን ይዞ ያልፋል። አርፎ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር፤ ግን ቀረ ማለት ሸሸ ማለት መሰለው። እንዲህ ሆኖ ስድስት ቅዳሜ ተቀመጠ።

በሰባተኛው ክንፈሚካኤል መጣ። ቤልጅጉን እንዳነገተ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ቢሆነኝ ለነገር የመጣ መስሎት ተሰናዳ። ክንፈሚካኤል ግን ግራ ቀኝ አየና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አያ ቢሆነኝ፣ ሽማግሌ ሳይገባ በፊት የዚያን ልጅ መንገድ ስጠብቅ ሰንብቼ ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ አነጣጥሬበት ሁለት ጊዜ ተውኩት። ለእግዜር ብዬ አልነበረም። ቃታ ስስብ እኔም እጨፍናለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ምን ይሻለኛል?»

ቢሆነኝ ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀለት።

«አላውቅም» አለው። «ተቀመጥ እስቲ።»