ሳይሞት የሚጠፋው ድራማ

እትዬ ላቀች ቁጭ ባለችበት ስለምታንቀላፋ ሰነፍ የሚላት አለ። እስቲ ፊቴ ቆሞ ይበል! ጠዋት እዚህ አሜሪካ ኢስተን ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ታረፍዳለች፤ ከሰዓት አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር ሄዳ ማማ ሩትን ትንከባከባለች። ማታ እኔ እቀይራታለሁ። «ደከመኝ» ማለት እንኳ ደክሟታል።

ማማ ሩት ዘጠና ያለፋት አሜሪካዊት ናት። ማስታወስ ትታለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እሷ ግን በየቀኑ «ዋልተር የት ሄደ?» ትላለች። አንድ ቀን በእኛ ቦታ የመጣች ሠራተኛ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ «ሞቷል እኮ!» ብላ አፈረጠችው። ማማ ሩት ያን ቀን እንደ አዲስ ተረዳች። እህል አልቀምስ አለች፣ ስታለቅስ አደረች። ልጇ ተጨነቀችና «ደግማ እንዲህ ከሆነች መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም፣ አስገባታለሁ» አለችን። ማማ ሩት ደግሞ የገዛ ስሟን ብትረሳ እንኳ «ከቤቴ አታውጡኝ» ማለትን አትረሳም።

«መርዶ እንዲህ ይነገራል? ሰው አይደለችም እንዴ?» ብላ እትዬ ላቀች ጦፈች። መርዶን ታውቀዋለች። ባሏ ጋሼ ግርማቸው አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ እኛ የቸርች ሰዎች የኦፍ ቀኗ፣ ዕረፍቷ፣ እስኪደርስ ደብቀን፣ ቅዳሜ በንጋት ተሰብስበን ሄደን ነው የነገርናት። ቀብሩ አልፎ ነበር። ቅዳሜና እሑድ አለቀሰች፣ ሰኞ ሥራ ገባች።

በኋላ የማማ ሩት ልጅ አንድ ዲስክ አመጣች። ለካ ዋልተር በወጣትነቱ ተዋናይ ኖሯል! ቴሌቪዥን ገና ብርቅ ሳለ፣ በየሳምንቱ አንድ የታወቀ የጥንት ልቦለድ በአንድ ሰዓት ድራማ አሳጥረው ያሳዩ ነበር አሉ። የምን ቆርጦ መቀጠል! ተዋናዩ እዚያ ሲጫወት ሕዝቡ እዚህ በቀጥታ ያየዋል፤ ከተሳሳተም ተሳሳተ ነው። ከእነዚያ አንዱ ተቀድቶ ተርፎ ነው ዲስኩ ላይ የገባው። በድራማው ዋልተር ቆስሎ ቤቱ የሚመለስ ወታደር ነው። «መጨረሻ ላይ በእናቱ እጅ ይሞታል» አለችን ልጇ።

«ሞቱንማ አላሳያትም» አለች እትዬ ላቀች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይከፈታል። ማማ ሩት «ዋልተር!» ትላለች፣ ፊቷ ይፈካል፣ ሾርባዋን ሙልጭ አድርጋ ትጠጣለች። ወታደሩ አልጋ ላይ ሲወድቅ እትዬ ላቀች ሪሞቱን ትጫናለች። «ነገ እንጨርሰዋለን፣ ማማ።» ማማ ሩት ታኮርፋለች። እኔም በተራዬ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ መጨረሻውን አንዳችንም አላየነውም።

ባለፈው ሳምንት ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ እትዬ ላቀችን ሲያሯሯጧት አረፈዱ። ማታ ልቀይራት ስገባ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ሪሞቱ ከእጇ ወድቋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወታደሩ እናቱ እጅ ላይ እያቃሰተ ነው።

«ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ሪሞቱን ላነሳ ሮጥኩ። ማማ ሩት እጄን ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ! ወታደሩ ሞተ። እናቱ ጮኸች። እትዬ ላቀች «ኢየሱስ!» ብላ ባነነች። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን፤ አሁን ታለቅሳለች፣ ነገ ነርሲንግ ሆም ትገባለች ብለን።

ሙዚቃ መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ብቅ ብሎ ተመልካቹን አመሰገነና ተዋናዮቹን በየስማቸው ጠራ። ዋልተር ከሞተበት አልጋ ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ወደ ፊት መጥቶ እጅ ነሳ። እየሳቀ!

ማማ ሩት አጨበጨበች። ከዚያ ወደ እትዬ ላቀች ዞራ ተቆጣች፦ «በየቀኑ ልክ ሊነሳ ሲል ለምንድን ነው የምታጠፊብኝ?»

የእትዬ ላቀች እንባ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አየሽ» አለችኝ በአማርኛ፣ «ለሷስ ባሏ ተነሳላት።»

ቦርሳዋን አንስቼ ሰጠኋት። «በይ ሂጂ፣ እረፊ፤ ሺፍትሽ አልቋል» አልኳት። ቦርሳውን ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። ኮቷን አወለቀችና ማማ ሩት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«መልሰሽ ክፈቺው» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው?»

«ከሚሞትበት።»