እሷ ዘንጉን፣ እሱ መሪውን

የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ሾፌሩ» ይለዋል። ዕድሜውን የፈጀው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት ሚስቱ ጀልባዋ ላይ አስቀምጣ መሪ አስጨበጠችው። እሷ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ውሃ ላይ እሷን የሚያህል የለም። እሱ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ልኩን «ወራጅ አለ!» ሲሉት የቆመ ሰው ነው! መጀመሪያ ሰሞን ዓሣ መንጠቆዋን ነክሶ እሷ «ያዘ!» ብላ ስትጮህ ሞተሩን ቀጥ ያደርገው ነበር። ጀልባ ቆመ ማለት ደግሞ ክር ረገበ ማለት ነው። ክሩ ሲረግብ ዓሣው መንጠቆውን ተፍቶ እብስ ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣው ወራጅ አለ አለህ እንዴ?» ትለዋለች። «አትቁም! ቀስ እያልክ ንዳ!»

እየተሰደበም ቢሆን ተማረ። ክሩን ከኋላ እየጎተቱ ሲሄዱ ዓሣ ከያዘ ትንሽ መንዳት፣ ከዚያ ማዝገም፣ ዓሣውን ወደ ጎን ማምጣት፣ ክሩ ሞተሩ ላይ እንዳይጠመጠም መጠንቀቅ። ከሁሉ በላይ ግን ከአባቷ የወረሰችው አንድ ሕግ ነበራት፤ ከዓሣ ጋር የሚታገልን ሰው የማጥመጃ ዘንግ ማንም አይነካም። ከነኩትማ ዓሣው የማን ይባላል?

ባለፈው ዓመት ሕመም ድንገት ጣላት። እግዜር ይመስገን፣ በነፍስ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን ደነዘዘ፤ ቢቆነጥጡት እንኳ አይሰማትም። ማንኪያ እንኳ አልጨብጥ አላት። ቀሚሷን የሚቆልፍላት፣ ፀጉሯን እንደ ነገሩ የሚያበጥርላት እሱ ሆነ። እሷም ዘንጓን ከግድግዳ አውርዳ አልጋ ስር ከተተችው።

ወራት አለፉ፤ ጣቶቿ ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ራሷ ዘንጉን ጎትታ አወጣችው።

«ዛሬ እንውጣ» አለችው። «ይሄ እጅ የሚሆን እንደሆነም፣ የማይሆን እንደሆነም ቁርጡን ልወቅ።»

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ዘንጉ ጎበጠ። «ያዘ!» አለች። ሾፌሩ ነዳ እንጂ አልቆመም። ዓሣውም ዓሣ እንዳይመስልህ፤ ጉድ ነው! በግራዋ ክሩን ትጠቀልላለች፤ ዘንጉን የጨበጠው ያ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ አላስችል አለው።

«በሞቴ፣ ትንሽ ልያዝልሽ።»

«መሪህን ያዝ!»

ያዘ። ዓሣው ወደ ጀልባው ሲመለስ ነዳጅ ሰጥቶ ክሩን አስወጠረ፤ ሲሸሽ አዘገመ። እሷ ትንፋሽ ሲያጥራት ቀስ ብሎ ወደ ዓሣው እየጠመዘዘ አሳረፋት። በእጁ ሊያግዛት ያልተፈቀደለትን በጀልባው አገዛት።

በዚህ መሃል ሌላ ጀልባ ክሮቹን እየጎተተ መጣባቸው። የጀልባው ባለቤት «ቁጡው» የሚሉት፣ ከጥላው የሚጣላ አጥማጅ ነው። ሾፌሩ «አበቃልን! ክሩ ሊጠላለፍ ነው!» አለ። ቁጡው ግን የጎበጠውን ዘንግ ሲያይ ክሮቹን በሙሉ ሰበሰበና ዞሮ ራቅ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። እስከ መጨረሻውም ንቅንቅ አላለም። «እሰይ ወንድሜ፣ ልጆችህ ይደጉልህ!» እያለ ሾፌሩ እስከ ዛሬ ድረስ በሄደበት ሁሉ ይመርቀዋል።

ዓሣው ደከመ። ሾፌሩ ሞተሩን ከማርሽ አውጥቶ ባለ እጀታውን መረብ ውሃው ውስጥ ያዘላት። እሷ እየሳበች ጭንቅላቱን አስገባችለት፤ እሱም ብድግ አድርጎ ጀልባው ወለል ላይ ዘረገፈው።

«አለቀ! ልቀቂው በቃ!» አላት።

እጇን አየችው። «አልለቅ አለኝ» አለች፤ ትስቃለች፣ እንባዋ ግን ይወርዳል። ጣቶቿ ዘንጉ ላይ ድርቅ ብለዋል።

ሾፌሩ ተንበርክኮ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቅቅ ጀመር። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት መጣ? አውራ ጣቷማ አሻፈረኝ አለ። ተመስገን፣ ተመስገን እያለ ታገለው።

«ቀስ በል! ያማል እኮ!» ብላ ጮኸችበት።

ሾፌሩ እጇን በሁለት እጆቹ ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ይመምሽ፣ የኔ እመቤት!» አላት። «ይመምሽ እንጂ!»