ቀይና ጥቁሩ ክኒን

ቁይ ከተማ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ማደል ከጀመርኩ ዓመታት ሆኑኝ። ጥያቄ ስለማበዛ ባልደረቦቼ “መርማሪዋ” ይሉኛል፤ አይከፋኝም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ግን ሳልጠይቅ ልሰጥ ነበር።

የገበያ ቀን ነው፤ ሰልፉ አጥሩ ድረስ ደርሷል። የሳንባ ምች የያዛቸው አንድ የዲማ የቅኔ መምህር አሞክሳሲሊን የታዘዘበትን ወረቀት በመስኮቱ አቀበሉኝ። ክኒኑን ስዘረጋላቸው አንዷን ፍሬ ወደ ብርሃን አዙረው አዩአት።

“ይኸስ ደግ ነው” አሉ። “እኔን የሚጣላኝ ቀይና ጥቁሩ ነው።”

ደነገጥኩ። ያገራችን ሰው መድኃኒትን የሚያውቀው በቀለሙ ነው። ምን እንዳደረጋቸው ስጠይቃቸው ሰውነታቸው አብጦ፣ ጉሮሯቸው ተዘግቶ፣ በቃሬዛ ደብረ ማርቆስ እንደደረሱ ረጋ ብለው አወሩኝ። ቀይና ጥቁሩ አምፒሲሊን ነው። ልብሳቸው ይለያይ እንጂ ከአሞክሳሲሊን ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ያነቀውን ሰው ሌላውም ሊያንቀው ይችላል።

ክኒኑን መልሼ ተቀበልኳቸውና ያዘዘላቸው ጤና መኮንን ዘንድ ገባሁ። በሰልፉ ተበሳጭቶ ስለነበር፣ እንግዲያው ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ እንውጋቸው አለኝ። ሩቅም ቢሆን የነዚያ የሁለቱ መድኃኒቶች ዘመድ ነው፣ ጉሮሮው ለተዘጋ ሰው ጨርሶ ከሌላ ቤት እንምረጥ ብዬ ድርቅ አልኩ። አጉረመረመና ከእነዚያ ጋር ዝምድና የሌለውን ዶክሲሳይክሊን ጻፈ። እኔም የማይነኳቸውን መድኃኒቶች ስም በወፍራም ወረቀት ዘርዝሬ፣ “ቀለሙ ምንም ይሁን ምን” ብዬ ጨመርኩበትና ሰጠኋቸው።

ከወራት በኋላ መምህሩ እያነከሱ መጡ። መንገድ ላይ እግራቸው ቆስሎ አንድ ክሊኒክ ገብተው ኖሯል። ወረቀቴን በቆዳ ከረጢት ከትተው ከማተባቸው ጋር አንጠልጥለዋታል።

“ነጭ ክኒን ሰጡኝ” አሉ። “ስሙን ብጠይቅ ካንቺ ወረቀት ላይ አገኘሁት። እንቢ ብዬ አስለወጥኩ።”

ኮራሁ። ያን ኩራት ይዤ ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም፤ የዚያን ቀን ሳልጠይቅዎ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ የኔታ፣ ባይናገሩ ኖሮ እገድልዎ ነበር አልኳቸው።

ከረጢቷን በእጃቸው ዳሰስ አደረጓት።

“አየሁት እኮ፣ ልጄ። እጅሽን መልሰሽ ሰብስበሽዋል።”

ዛሬ መስኮቴ ላይ ለመጣ ሁሉ፣ ሰልፉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም፣ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት እጠይቃለሁ።