ግማሹን የተላጨው ኃላፊ

ፀጉር አስተካካዩን የታችኛው ሰፈር ሰው «ምላጭ» የሚለው በሙያው ብቻ አይደለም፤ አፉም ይቆርጣል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት አላት። ፊቱን በዚያ መስታወት ያየ ሁሉ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ይመስለዋል።

ባለፈው ምርጫ ያረጁ አባቱን ክንድ ይዞ ወረፋ ገብቶ ነበር። ሽማግሌው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የተመደበው አንድ የአስመራጮች ጠረጴዛ ነበር። ምርጫ ጣቢያ የሆነው ትምህርት ቤት በር ጋ ሲደርሱ «ሰዓት አልቋል» ተባለና ብረቱ ፊታቸው ላይ ተጠረቀመ።

«ይሁን ልጄ፣ ለሚቀጥለው» አሉ።

ለሚቀጥለው አልደረሱም።

ምላጭ ቀበራቸውና ወደ መቀሱ ተመለሰ። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለየሰፈሩ ጠረጴዛ የሚመድበው ኃላፊ የሚኖረው ላይኛው ሰፈር ነው፤ ዛፎቹ እንኳ ፀጉራቸውን የተስተካከሉ የሚመስሉበት። ምላጭ ቤቱ ድረስ እየሄደ ያስተካክለዋል። በዘንድሮው ምርጫ ጠዋትም ተጠራ፤ ኃላፊው ማታ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ምርጫው ለሁሉም እኩል እንደተካሄደ ሊናገር ነው።

«መረጡ ጌታዬ?» አለ ምላጭ፣ ማሽኑን ከግራ ጆሮ በላይ እያስኬደ።

«ድሮ! ሻዬ ሳይበርድ ተመለስኩ። እኛ ጋ እኮ ጠረጴዛው ከመራጩ ይበልጣል።»

«እኛ ጋስ?»

«እናንተማ ወረፋ ለምዳችኋል» ብሎ ሳቀ።

ማሽኑ ቆመ። አንዳንዴ እጅ ከልብ ቀድሞ ይወስናል። ምላጭ ማሽኑን ነቀለ፣ መቀሱን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ቦርሳውን አነገተ።

«ምነው? ግማሹ ቀረ እኮ!»

«ወረፋ አለብኝ ጌታዬ። ስጨርስ እመለሳለሁ።»

«መቼ?»

«እሱን ጠረጴዛ የመደበ ያውቃል» ብሎት ወጣ።

ታችኛው ሰፈር ሲደርስ ወረፋው ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቶ፣ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ፣ አስፋልት ወጥቷል። ጭራው ላይ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ የኃላፊው መኪና ከች አለች። ሌላ ፀጉር አስተካካይ ፈልጎ አጥቷል፤ ሁሉም ዘግተው ለመምረጥ ወጥተዋል። ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ደፍቶ ወረደና ምላጭ ፊት ቆመ።

«ይቅርታ፣ በኮፍያ አላወቅሁዎትም» አለ ምላጭ ጮክ ብሎ።

ኃላፊው ሳያስበው ኮፍያውን አነሳ።

«ኧረ ጉድ!» አለች ወረፋው ላይ የቆመች አትክልት ሻጭ። «ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና አዝመራ ላይ ነው!»

ሳቁ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ እስከ በሩ ደረሰ። ኃላፊው ወደ ምላጭ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ና፣ በጓሮ በር አስገባሃለሁ። መርጠህ ቶሎ ትጨርስልኛለህ።»

ምላጭ ወደ ሩቁ በር አየ። በሩ ዘንድሮም ፊቱ ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች።

«አባቴንስ በጓሮ በር ያስገቡልኝ ነበር?»

«አባትህን የት አውቄያቸው!»

«እሱን ነው የምልዎት። እዚህ የቆመው ሁሉ ሳይመርጥ መቀስ አላነሳም።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ወረፋውን አየ፣ ራሱን ዳበሰ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ላይኛው ሰፈር ሥራ ፈትተው የቆሙት ጠረጴዛዎች ከነአስመራጮቻቸው በጭነት መኪና መጡ። ያ ድንጋይ የሚመስል ወረፋ እንዴት እንደሚፈስ ማየት ነው! ምላጭ ወረቀቱን ኮሮጆው ውስጥ ሲጨምር የመጨረሻዋ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ነበረች። ቀለም የነካ ጣቱን ነፋ ነፋ አደረገና ወደ ሱቁ ሄደ።

ሱቁ ሲከፈት ኃላፊው ቀድሞት ገብቶ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ።

«ይነሱ ጌታዬ፤ ተረኛ አለ።»

ከወረፋው አብረውት የወጡ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል። «የእኔ እንኳ ነገም ይደርሳል» አሉ።

«የለም፣ ይግቡ አባባ። ዛሬ ነው የሚላጩት።»

ኃላፊው ተነስቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ። «ቴሌቪዥኑ እየጠበቀኝ ነው እኮ!»

«ይጠብቃላ» አለ ምላጭ። ሳሙናውን አረፋ እስኪሆን መታው፤ የሽማግሌውን ጉንጭ አለሰለሰ፤ ምላጩን ሳለ። ዞር ሲል ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉት ሽማግሌ አረፋቸውን እንደተቀቡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ኃላፊው ከዱካው ብድግ አለ። «ቀስቅሳቸው!»

ምላጭ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ሽማግሌው በራሳቸው ጊዜ እስኪነቁ መጠበቅ ጀመረ።